ያጠፋኋቸው ሦስት ጭረቶች

ጣቶቼ መደንዘዝ የጀመሩት ከቀኝ እጄ ትንሿ ጣት ነው። መጀመሪያ ብርድ መሰለኝ፤ መካነ ሰላም ውስጥ ለሁሉም ነገር ብርድን ማሳበብ ይቻላል። ቀጥሎ የቀለበት ጣቴ፣ ከዚያ የመሐሉ። አንድ ቀን የሚኒባስ ኮፈን ጨርሼ እንደ ልማዴ መዳፌን ባሳልፍበት ብረት ይሁን ጋቢ መለየት አቃተኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ጣቶቼን በመርፌ ጫፍ እየነካካ «ይሰማዎታል?» ይለኛል። «ምኑ?» እለዋለሁ። በዚያው ተግባባን።

«የማሽን ንዝረት ነው፤ ሥራውን ይተዉት» አለኝ።

ተውኩት። የፖሊሽ ማሽኔን ከመናኸሪያው ጀርባ ሞተር ብስክሌት ለሚጠግነው ጎረቤቴ አስረከብኩ። ተቀብሎ ሲያበቃ «ሰይድ ጀልባ፣ ይህን ሙያ ግን የት ተማርከው?» አለኝ። ስሜ ሰይድ ነው፤ ጀልባ የአባቴ ስም አይደለም። ባሕር በሌለበት ደጋ ላይ ሰው እንዴት ጀልባ ተብሎ እንደሚጠራ ማስረዳት ጊዜ ይወስዳል። ለጎረቤቴ «ጅዳ» ብዬ አሳጠርኩት። እዚህ ላይ ግን ላስረዝመው። ከእንግዲህ ጊዜ አለኝ፤ ቤቴም ገብቶ የሚያቋርጠኝ ሰው የለም።

ጅዳ የሄድኩት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። ከዚያ በፊት ነጋዴ ነበርኩ። ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ በአህያ ጭኜ ከከላላ እስከ ወረኢሉ የማልደርስበት ገበያ አልነበረም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው፤ እሱ ደግሞ ፈተናውን በየሳምንቱ ነው የሚሰጠው። ዘሀራን አግብቼ ዓመት ሳይሞላን በዑምራ ቪዛ ገባሁና እዚያው ቀረሁ። «ሁለት ዓመት ብቻ» ብያት ነበር። ሁለት ዓመት ብሎ ያልሄደ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ሥራ ያገኘሁት የሀብታሞች መዝናኛ ጀልባ በሚታደስበት ግቢ ነው። አለቃችን ከእኛ ጋር የሚነጋገርባቸው ቃላት ሁለት ነበሩ፤ ለሥራ «ያላ»፣ ማለትም ቶሎ፤ ለደመወዝ «ቡክራ»፣ ማለትም ነገ። ሥራውን ያስተማረኝ ግን እሱ ሳይሆን አም ሳልም የሚባል የመናዊ ሽማግሌ ነው። የሁዴይዳ ዓሣ አጥማጅ የነበረ፣ ቀጭን፣ አንድ ዓይኑን ጨው የበላው ሰው። «አም» በነሱ አጎት እንደ ማለት ነው። እኔ ግን አጎቴ ብዬ ካሰብኳቸው ሰዎች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ሆኖ ቀረ።

እነዚያ ጀልባዎች እንጨት አይደሉም፤ ፋይበር ናቸው። ከላያቸው ጄልኮት የሚባል የሚያበራ ቆዳ አላቸው፤ ውፍረቱ ከጥፍር አይበልጥም። ፀሐይና ጨው ሲፈራረቁበት ይሞታል። ሰማያዊው ይነጣል፣ ነጩ ይገረጣል፣ እጅህን ብታሳልፍበት እንደ ጠመኔ መዳፍህ ላይ ይቀራል። የማያውቅ ሰው ቀለም ይቀባዋል። የሚያውቅ ሰው ግን የሞተውን ቆዳ ገፎ፣ ከሥሩ ያለውን ሕያው ቆዳ ያወጣዋል።

አም ሳልም ሲሠራ እንዲህ ነበር። ጀልባውን በሳሙና ያጥባል። ከዚያ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ጎኑን በሙሉ በመስመር ያዥጎረጉረዋል። የመጀመሪያ ቀን ሳየው አብዷል ብያለሁ። የብርጭቆ ወረቀቱን እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ ባልዲ ውስጥ ነክሮ፣ ውሃ እያፈሰሰ ይፈትጋል። የእርሳሱ መስመር የጠፋበት ቦታ በቅቶታል፤ ያልጠፋበት ይቀረዋል። በሻካራው ወረቀት ወደ ጎን፣ በሚቀጥለው ለስላሳ ወረቀት ወደ ታች፣ በሚቀጥለው እንደገና ወደ ጎን። የኋለኛው የፊተኛውን ጭረት እየበላ ይሄዳል። ቀኝ እጁ ሲፈትግ ግራ መዳፉ ከኋላ ይከተላል፤ ዓይኑን ይጨፍናል። «ዓይን ይዋሻል» ይለኝ ነበር፣ «ውሃ ያለበት ነገር ሁሉ ያበራል። እጅህን ጠይቀው።» መጨረሻ ላይ የበግ ፀጉር የለበሰው ማሽን ይመጣል። ማሽኑን አንድ ቦታ ካቆምከው ያቃጥለዋል፤ ጠርዝ ላይ ከተጫንከው ቆዳው ተገፎ የፋይበሩ ሥጋ ይታያል። ያኔ ጀልባውንም ስምህንም አበላሽተሃል።

አንድ ልማዱ ግን ያናድደኝ ነበር። ወረቀቱን ሳይነክር በፊት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጀልባውን አንድ ዙር ይዞራል። የጀልባውን ባለቤት ከጎኑ ያስከትላል። እያንዳንዱ ጭረት ጋ ቆሞ «ይህ የማን ነው?» ይጠይቃል። ባለቤቱ «ልጄ መልህቅ ሲጎትት ነው» ይላል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። «ይህስ?» «ከወደቡ ግንብ ጋር ተጋጭተን።» አለቃችን ከሩቅ «ያላ!» እያለ ይጮኻል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት አረብ አንዲት ጭረት ጋ ሲደርስ በጣቱ ዳሰሳትና «የአባቴ ቢላ ነው» አለ። አም ሳልም ሌላ ሳይጠይቅ ጭረቷን በፕላስተር ሸፈናት። ጀልባው ተሠርቶ ሲያልቅ እንደ መስታወት በሚያበራው ጎን መሐል ያቺ የደበዘዘች ጭረት ቀረች።

«አም ሳልም፣ ሥራህን አበላሸህ» አልኩት።

«ጭረት ሁሉ ቆሻሻ ይመስልሃል አይደል?» አለኝ። «ጠይቅ። ሳትጠይቅ አታጥፋ።»

ሽማግሌ ወሬ ይወዳል ብዬ አለፍኩት።

ስድስት ዓመት ከሠራሁ በኋላ በአፈሳ ተይዤ ተመለስኩ። ከእኔ ጋር የተመለሱት ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ሲያወርዱ እኔ ፀጉር የለበሰ ማሽንና አንድ ካርቶን ብርጭቆ ወረቀት አወረድኩ። አገር ሳቀብኝ። ቤቴ ስደርስ በሩ ተቆልፏል። ዘሀራ ሁለት ወር ቀድማ ኩዌት ሄዳለች። ቁልፉን ለጎረቤት ትታልኛለች፤ ከቁልፉ ጋር ድምጿን የቀዳችበት ካሴት። «ሰይዶ፣ ሁለት ዓመት ብቻ ነው» ትላለች። መጀመሪያ ሳቅሁ። ካሴቱን እያገላበጥኩ ስሰማው ከርሜ መጨረሻ ላይ ክሩ ተበላ። እሷም አልተመለሰች፤ እኔም የት ነሽ ለማለት ወግ አልነበረኝም።

መናኸሪያው አጠገብ አንድ ቆርቆሮ ቤት ተከራየሁ። ጀልባ ባይኖር መኪና አለ። የመኪና ቀለምም ያው ቆዳ ነው፤ የደጋ ፀሐይ እንደ ባሕር ጨው ይበላዋል። መጀመሪያ የመጡት አንድ የወረኢሉ አውቶቡስ ባለቤት ናቸው። «ቀለም ሳትቀባ አዲስ አደርገዋለሁ ትላለህ አሉ። ጠንቋይ ነህ?» አሉኝ። ኮፈኑን ግማሹን ብቻ ሠርቼ አሳየኋቸው። ነጋዴ ነኝና ግማሽ የተሠራ ነገር ይዞ የሚሄድ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ግማሹን አይተው ሙሉውን አሠሩ። መብራት በየሰዓቱ እየጠፋ ከማሽኑ ይልቅ ክንዴ ነው ያጠናቀቀው። ከዚያ በኋላ የሠርግ መኪና፣ የአጅባር እህል ነጋዴ አይሱዙ፣ የአንድ ሸህ ሞተር ብስክሌት መጣልኝ። አንዱ እንዲያውም የወርቅ ጥርሱን ይዞ መጥቶ «እስቲ በዚያች ማሽን» ብሎኛል። ማሽኗ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትዞር ነግሬ ሸኘሁት።

ቀን ቀን ሰው አላጣም፤ ሰው መኪናው ላይ ፊቱን ማየት ይወዳል። አመሻሽ ላይ ሁሉም ፊቱን ይዞ ይሄዳል። እኔ በዕቃዎቹ መሐል እቀራለሁ።

ጀልባዋ የመጣችው በነሐሴ ነው። ያን ጊዜ በእኛ በኩል ዓባይ ላይ ድልድይ አልነበረም። ወደ ማዶ ወደ ጎጃም የሚሻገር ሰው በረሃውን ወርዶ፣ አንድ ፕሮጀክት ትቶት በሄደው የፋይበር ጀልባ ነበር የሚሻገረው። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ጀልባዋ ከውሃ ትወጣለች። በዚያ ዓመት የጀልባው ማኅበር ሊቀ መንበር አቶ ይማም በሰውና በበቅሎ አስጎትተው እስከ መኪና መንገዱ አደረሷት፤ ከዚያ አይሱዙ ላይ ጭነው ደጃፌ ላይ አራገፏት። ሰማያዊ ነበረች ቢሏችሁ ታምናላችሁ እንጂ አታዩም፤ አመድ መስላለች።

«ከመስቀል በኋላ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ» አሉኝ አቶ ይማም። «ተሻግረው ማዶ ስብሰባ አላቸው። እንደ መስታወት አድርግልኝ፤ ፊታቸውን ይዩባት።»

«አብሽሩ» አልኳቸው፣ «ፂማቸውን ይላጩባታል።»

ከሾፌሩ ጋር መልእክትም ነበረ። ጀልባዋን የሚቀዝፉት አያ ንጋቱ የሚባሉ የበረሃው አፋፍ ገበሬ ናቸው። «ጀልባዬን አደራ። አምሮባት ከተመለሰች አንድ ቅል ማር ቃሌ ነው» ብለዋል።

ከስንት ዓመት በኋላ ጄልኮት ስነካ ልቤ እንዴት እንደዘለለ አልነግራችሁም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አንድ ዙር ዞርኩ። በኋለኛው በግራ ጎን፣ ቀዛፊው ከሚቀመጥበት ቦታ በታች፣ ሦስት ጭረቶች አሉ። አንዱ ከአንዱ በላይ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ስንዝር፣ ጥልቅና ቀጥ ያሉ። ድንጋይ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይጭርም። አየሁት። ወላሂ አይቼዋለሁ። «ይህ የማን ነው?» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የሚጠየቁት ሰው ግን የግማሽ ቀን መንገድ ታች በረሃ ናቸው፤ አቶ ይማም ቸኩለዋል፤ እኔም ሙያዬን የማሳይበት ቀን ደርሷል።

ጥልቅ ስለነበሩ በመፈተግ ብቻ አይጠፉም ነበር። ለእነሱ ብዬ ከአዲስ አበባ ጄልኮት አስመጣሁ፤ ሰማያዊውን ከጀልባዋ ሰማያዊ ጋር እስኪገጥም ሦስት ቀን በጥብጬ፣ ሞልቼ፣ አድርቄ፣ ፈተግሁ። ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን ባሳልፍ የት እንደነበሩ እኔ ራሴ አላገኛቸውም። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ የጠራው እሱ ነው። ሰው ከመንደር ወጥቶ መጥቶ አየ። ሰይድ ጀልባ የተባልኩት ያን ሳምንት ነው፤ ስሙን ወደድኩት።

እንግዶቹ በጥቅምት ሲሻገሩ እኔም ወረድኩ፤ ንጹሕ ጃኬት ለብሼ። ወንዙ ገና ቡናማ ነው፤ ክረምቱን ጨርሶ አልተፋም፤ መሐሉ ላይ ይሮጣል። እንግዶቹ ጀልባዋን አይተው አጨበጨቡ፤ በእውነትም ፊታቸውን አዩባት። አያ ንጋቱ አጭር፣ ጉልበታቸው የወጣ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው «ሙሽራ አደረግኻት» አሉኝ። ከዚያ ቦታቸው ተቀመጡ፤ ሰዎቹ መግባት ጀመሩ።

ስምንት ሰው ገባ። አያ ንጋቱ ሳያዩ ግራ እጃቸውን ከጀልባዋ ውጪ ወደ ታች ሰደዱ። ጣታቸው ጎኗን ዳሰሰ። ወደ ፊት ሄደ፤ ወደ ኋላ ተመለሰ። ጎንበስ ብለው አዩ።

አጠገቤ የቆመችውን ሴት «ምን ጠፋቸው?» አልኳት። ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ ኖራለች።

«ጭረቱን ነው» አለችኝ ዓይኗን ሳትነቅል። «ውሃው ጭረቱን ሲነካ በቃ ይላል። ታችኛው የአሁኑ፣ ወንዙ የሚሮጥበት። መሐለኛው የገና፣ ላይኛው የበጋ። ጭረቱን ካሳየ ዳኛም ቢሆን ያወርደዋል፤ ማንም አይከራከረውም።» ወደ ወንዙ መሐል ጠቁማ «ታችኛው ወንድሙ አስማረ ያለቀበት ነው» አለች። «ጀልባዋ እንደመጣች ሰሞን ከልክ በላይ ጭነው። በማግሥቱ ነው የጫረው።»

ያን ቀን ወንዙ ዳር ብርድ አልነበረም፤ በረሃ ነው። ጃኬቴ ውስጥ ግን በረድኩ።

ሌላ ሦስት ሰው ገባ። ከዚያ ሁለት። አያ ንጋቱ «ይበቃል፤ ይውረዱልኝ» አሉ።

«ምን ይበቃል? ገና ቦታ አለ!» አሉ አቶ ይማም።

«ጭረቱን አልፏል።»

«የታለ ጭረቱ? እስቲ አሳየን!»

ሁሉም ወደ ጎኗ አየ። የሚያበራ ሰማያዊ ብቻ፤ ውሃውና የራሳቸው ፊት። አንዱ እንግዳ ሳቀ። አያ ንጋቱ ወደ እኔ ዞር አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ መንገድ የጠፋበት ሰው ሌላውን እንደሚያየው ነው ያዩኝ። እኔ እዚያው ቆሜ «ነበረ፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ማለት እችል ነበር። አራት ቃል ነው። ሳሙና ለመሸጥ ከዚያ የበለጠ ቃል አባክኜ አውቃለሁ። አላልኩም።

ጀልባዋ ተነሣች። መሐል ላይ ስትደርስ ወንዙ ከጎን ገፋት፤ ሰው ደንግጦ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ውሃው በጠርዟ ገባ። ነፍስ አልጠፋም፤ አልሐምዱሊላህ። አያ ንጋቱ ጀልባዋን በጉልበታቸው ቀዝፈው ወደ ማዶው አለት አስጠጉ፤ አለቱን በእጃቸው ጨብጠው ያዟት፤ ሁሉም ተንጠልጥሎ ወጣ። ቀኝ እጃቸው ግን በጀልባዋና በአለቱ መሐል ገብቶ ከአንጓው ተሰበረ።

በሳምንቱ ግምገማ ተደረገ። በዚያ ዘመን ውሃም ቢሆን ሰው ከነካ ይገመገማል። እኔም ተጠራሁ።

«ጀልባዋ እንዴት ነበረች?» አሉኝ።

«እንደ መስታወት» አልኩ።

እውነት ነው። እስከ ዛሬ ከተናገርኩት እውነት ሁሉ የከፋው እሱ ነው። አያ ንጋቱ እጃቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። «መጥፎ አቀዛዘፍ» ተብሎ ተጻፈባቸው፤ ከጀልባዋ ተነሡ፤ በቦታቸው የአቶ ይማም ዘመድ ገባ። ሲወጡ በአጠገቤ አለፉ። ሰላም አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ሥራዬን ጠላሁት አልልም፤ እበላበት ነበር። ነገር ግን ሙያው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ በደንብ በሠራህ ቁጥር ፊትህን ያሳይሃል። ኮፈን ባበራሁ ቁጥር ያው ሰው ከውስጥ ያየኛል። ሰው ሲያመሰግነኝ መልስ ማሳጠር ጀመርኩ። ሻይ ቤት መሄድ ተውኩ። አንዳንድ ቀን ከማሽኑ ድምፅ በቀር ሌላ ድምፅ ሳልሰማ ይመሽ ነበር።

በጥር፣ በገበያ ቀን፣ እትዬ አልጣሽ ደጃፌ ላይ ቆመች። በነጠላዋ ጠቅልላ ቅል ይዛለች።

«ማሩ ነው» አለችኝ። «ቀፎው የተቆረጠው ዘግይቶ ነው፣ እጁም እንደምታውቀው፤ እንጂ በኅዳር ይደርስህ ነበር።»

«እንዴ! ምን ሲደረግ? ከዚያ ሁሉ በኋላ?»

«ቃሌ ነው ብሏላ። አምሮባት ከተመለሰች አለ፤ አምሮባት ተመለሰች።»

«እሳቸው እንዴት ናቸው?»

«ወንዙን ቁልቁል እያየ ይውላል። ያ አዲሱ ሲያሻግር ሴቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሻገሩ። የፈራ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል።» ቅሉን አስቀመጠች። «አንተም ሰው የለህ መሰል ቤቱ ጭር ብሏል። በል ብላው።»

ያንን ማር በጣቴ እንኳ አልነካሁትም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቅሉን ይዤ በረሃውን ወረድኩ። መሻገሪያው ላይ ሰው ተኮልኩሏል፤ አቶ ይማምም አሉ። አያ ንጋቱ ከፍ ብሎ ካለ ድንጋይ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቅሉን እግራቸው ሥር አስቀመጥኩና ወደ ሰው ዞርኩ።

«ሦስት ጭረት ነበረ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያጠፋኋቸው። አይቻቸዋለሁ፤ ሳልጠይቅ ሞልቼ አጠፋኋቸው። በዚያ ቀንም አውቄ ዝም አልኩ። ግምገማው ላይም ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አሉ አቶ ይማም።

«ሱቄ ውስጥ።»

አንዲት አሮጊት ከት ብላ ሳቀች። ሌላው ግን አልሳቀም። አቶ ይማም ስለ ቃለ ጉባኤ፣ ስለ አሠራር ብዙ ተናገሩ። ሲጨርሱ ያቺው አሮጊት «ልጄ፣ እኔ ንጋቱ ካልቀዘፈ አልገባም» አለች፤ ጭነቷን መሬት ላይ ጣለች። ሌላዋ ጣለች። ከዚያ ሁሉም። አቶ ይማም የገበያ ሰው ናቸው፤ ገበያ ሊዘጋባቸው ሲል ያውቁታል፤ «ይቅዘፍ እንግዲህ» አሉ።

አያ ንጋቱ ተነሡ። የተሰበረው እጅ ጠምሞ ነው የጠናው።

«ጭረቱ የነበረበት ቦታ በዓይን አይገኝም» አሉ። «በጭነት ነው የሚገኝ። ወደ ዳር ሳቧት።»

ጀልባዋን የማትሮጥ ውሃ ላይ አደረጓት። እሳቸው ቦታቸው ተቀምጠው ጫማቸውን አወለቁ፤ እግራቸውን ወለሏ ላይ ዘርግተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልክ እንደ አም ሳልም። ሰው አንድ በአንድ ገባ። «ገና ነው… ገና…» ይላሉ። ዘጠኝ ደረሰ። «አንድ ይቀራል። አንተ ግባ።»

«እኔ? አያ ንጋቱ፣ እኔ ዋና አልችልም እኮ።»

«እሱ ደግ ነው። የፈራ ሰው አይወራጭም።»

ሰው ሳቀ፤ ገባሁ። ጀልባዋ ከሥሬ ዝቅ ስትል ጠርዟን በሁለት እጄ ያዝኩ። «በቃ» አሉ። ምስማር ሰጡኝ። «ጫር። ውሃው ካለበት።»

ጎንበስ ብዬ እጄን ሰደድኩ። ጎኗ ላይ ፊቴ አለ፤ ምስማሩ ፊቴ ላይ አረፈ። በሕይወቴ ጭረት ሳጠፋ ነበር የኖርኩት፤ በገዛ እጄ ሥራ ላይ ምስማር መጫን እንደዚያ ያማል ብዬ አላሰብኩም። ድምፁ ጥርሴን አፋጨው። አንድ ስንዝር ጫርኩ፤ መሐለኛው ነው። ከዚያ ሰው ተጨመረ፣ የላይኛውን ጫርኩ። የታችኛውን ስጠብቅ አያ ንጋቱ ምስማሩን ወሰዱብኝ።

«እሱ የሚለካው ወንዙ ሲሮጥ ነው። ለጥቅምት ና።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ በሩጫው ጊዜ አንሻገርም። የአስማረን ጭረት በግምት አልጭርም።»

በጥቅምት ወረድኩ። ሩጫው ባለበት ዳር፣ በገመድ ታስራ፣ ስምንት ሰው ሆነን ለካነው። ከዚያ በኋላ በየጥቅምቱ እወርድ ነበር። ሥራዬ ቀላል ነው፤ በጭረቶቹ ውስጥ የገባውን ጭቃ በእንጨት ስንጥር አጸዳለሁ፣ ከዚያ ከአያ ንጋቱ ጋር ድንጋዩ ላይ እቀመጣለሁ። ብዙ አናወራም ነበር። አንድ ዓመት ብቻ «እነዚያ ሦስት ቀን ስትሞላቸው ምን ታስብ ነበር?» አሉኝ። «ሰማያዊው እንዲገጥም» አልኳቸው። «ገጥሟል» አሉ። ያን ዓመት ሙሉ የተናገርነው ይኸው ነው። ከእሱ በቀር በዓመት ውስጥ የምጠብቀው ቀን አልነበረኝም።

ከዚያ ድልድዩ ተሠራ። መልካም ድልድይ ነው፤ አይሱዙ ሳይቀር ይሄድበታል። አቶ ይማም ማኅበሩን በተኑ። አያ ንጋቱ ድልድዩን አንድ ጊዜ በእግራቸው ተሻግረው ተመለሱ፤ «ጭነቱ ስንት እንደሆነ ማን ነው የሚያውቀው?» ብለው ጠየቁ አሉ። በሁለተኛው ክረምት አረፉ። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ማሽኑን ለጎረቤቴ ባስረከብኩ ሰሞን በሚኒባስ ሄጄ ድልድዩ ጋ ወረድኩ። ጀልባዋ ከእትዬ አልጣሽ ቤት ጀርባ ተገልብጣለች፤ ዶሮ ያድርባታል። ፀሐይ በልቷት እንደገና አመድ ሆናለች። እትዬ አልጣሽ አርጅታለች፤ ካየችኝ በኋላ ትንሽ ቆይታ ነው ያወቀችኝ።

«ልታበራት ነው?» አለችኝ።

«አይ፣ እጄ ሞቷል።»

በግራ ጎኗ ተንበረከኩ። መዳፌን አሳለፍኩ። ምንም። ጠመኔዋ መዳፌ ላይ ሲቀር በዓይኔ አየሁት እንጂ አልተሰማኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቶቼን ወደ ታች ሰደድኩ፤ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ እሳቸው ያን ቀን እንዳደረጉት። ድንገት ጥፍሬ የሆነ ነገር ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከበታቹ ሌላ። ከበታቹ ሦስተኛው።

ታችኛው ውስጥ የዶሮ ኩስና አቧራ ሞልቶበት ነበር። ስንጥር ስላልነበረኝ በጥፍሬ ጠራርጌ አወጣሁት። ከዚያ የዘጠኝ ሰዓቱ ሚኒባስ ስለደረሰ ተነሣሁ።